ላልተጣላነው እርቅ

የዓይን ሐኪሙ ባለቤቴን ጨለማ ክፍል አስገብቶ፣ በዚያ በሚያበራ መሣሪያው ዓይኑን ሲመረምር ቆየና መብራቱን አበራ። ከዚያ ዞረ። ወደ ታማሚው ግን አልነበረም፤ ወደ እኔ ነው የዞረው።

«ቤት ውስጥ ምግብ የሚያበስሉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«አዎ» አልሁ።

ከዓይኑ ጀርባ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ደም ማፍሰስ ጀምረዋል አለ። ስኳሩ በዚሁ ከቀጠለ ማንበቡ ቀርቶ የሰው ፊት መለየት የሚያቅተው ጊዜ ይመጣል፤ ከወረደ ግን ባለበት ሊቆም ይችላል። ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ ብሎ አሰናበተን። ደሜ ፈላ። በሽታው የእሱ፣ ሻይ ላይ ስኳር የሚገለብጠው እሱ፣ ፒያሳ ኬክ ቤት ተቀምጦ ከጓደኞቹ ጋር ታሪክ ሲያወጋ የሚያመሸው እሱ፣ ተከሳሿ እኔ! ደግሞስ አንገቴን ደፍቼ «እሺ ዶክተር» ማለቴ!

ባለቤቴ እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። እንጀራው በዓይኑ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ አሮጌ ጽሑፍ ሲያገኝ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ምሳ ቀረበ ቢሉት የማይሰማ ሰው ነው። በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ወደ ማራኪ ስንመለስ ግን ስለ ዓይኑ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ብቻ ክንዴን ያዘና «ለእናቴ እንዳትነግሪ» አለኝ።

«ምነው? እናት አይደሉ እንዴ?»

«አባቴን ቀብራለች። እኔን ደግሞ ከነነፍሴ እየቀበረች እንድትኖር አልፈልግም። በአባቴ አጥንት ይዤሻለሁ!»

አባቱ ከዳባት ወዲያ ባለ ገጠር ደብር የድጓ መምህር ነበሩ። በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ጠፋ። ተማሪ እጃቸውን ይዞ እየመራቸው፣ በቃላቸው ሲያስተምሩ ኖሩ። አገሬውም ዓይነ ሥጋቸው ቢጠፋ ዓይነ ልቡናቸው በራ አለላቸው። ባለቤቴ ያን ጊዜ እዚህ ጎንደር ተማሪ ነበር። ስኳር መሆኑ የታወቀው ሊሞቱ ሲሉ ነው፣ ማንም አላወቀም ነበር ሲል ነው የሚያወራው። በአባት አጥንት ተይዞ እንቢ የሚል አለ? ማልሁለት። አፌን ምን ያዘው አትበሉኝ፤ ምላሴን የሚያውቅ ሁሉ ያኔ ማልሁ ስለው አያምንም።

በማግሥቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ና ግባ» አልሁት።

«ገብቼ ምን ላደርግ?»

«ሽንኩርት ክተፍ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ብቻዬን ሠርቼ የማቀርብለት ነገር ሁሉ ቅጣት ሆኖ እንደሚታየው አውቄዋለሁ። ዘይቱ የታለ፣ ቅቤው የታለ ሲለኝ ሊኖር ነው። ስለዚህ እጁን ያስገባበት፤ የገዛ እጁን ሥራ ማማት አይችልም። እሱ ባደገበት አገር ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ከታየ ስም ይወጣለታል። ቢሆንም ገባ፤ መጀመሪያ ያደረገው ግን የወጥ ቤቱን መስኮት መጋረጃ መሳብ ነው።

እንዴት ያለ ጭቅጭቅ ነው ያኔ የተጀመረው! ያለ ዘይት ሽንኩርት ማቁላላት ትዕግሥት ይጠይቃል። ድስቱ ላይ ስለሚጣበቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ አብሮ መቆም ነው፤ ትንሽ ዞር ካሉ ያራል። እሱ ደግሞ በግራ እጁ እያማሰለ በቀኝ እጁ መጽሐፍ ይይዝና ያነባል። «ዓይንህን ድስቱ ላይ!» ብዬ እጮሃለሁ። ካሮቱን ሲከትፍ እያንዳንዷ ቁራጭ ከጓደኛዋ እኩል ካልሆነች አይወድም፤ እራት የሚደርሰው ሰው ተኝቶ ሲነሣ ነው። «አንተ፣ ይህ እኮ ለሰው ሆድ ነው፣ ለሙዚየም አይደለም!» እለዋለሁ። እሱም በተራው እኔ ጨው ሳበዛ ይይዘኛል፤ ሲይዘኝ ደግሞ ደስ ይለዋል። አንዳንድ ቀን ውኃ ሳይመጣ ይሰነብትና በጀሪካን ባጠራቀምናት ጎመን እናጥባለን፤ ያኔ በጎመኑም በውኃውም እንጣላለን።

ከሁሉ የከበደኝ የሳህኑ ነገር ነው። ሆስፒታል ያለችው የምግብ ባለሙያ የሳህኑ ግማሽ አትክልት ይሁን፣ እንጀራው ከሩብ አይለፍ ብላን ነበር። አንድ ትሪ ላይ ከተበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ በምን ይታወቃል? ባለቤቴ ሲያወራ የሚበላ ሰው ነው፤ በእኔ ወገን ያለውን እንጀራ ሳይታወቀው ጠርጎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁለት ሳህን አወጣሁ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሳህን የሚለዩት ሲኮራረፉ ነው። ቀጥሎ አልጋ ይለያል፤ ከዚያ ሽማግሌ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ የየራሳችንን ሳህን ይዘን፣ ማጉረስ እንኳ ፈርቼ በላሁ። እሱም ቀና ብሎ አላየኝም። ጎረቤት በሩን ካንኳኳ አንዱን ሳህን አንሥቼ እንደ ሌባ ጓዳ እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ኮቱን ልቦርሽ ስል ኪሱ ውስጥ የኬክ ቤት ሶፍት አገኘሁ። ክሬሙ አልደረቀም። የስኳር መለኪያዋን አመጣሁና «ጣትህን አምጣ» አልሁት። አመጣ። ወጋሁት። ቁጥሩ ጣሪያ ነክቷል፤ መለኪያዋን አዙሬ አሳየሁት።

«ዕድሜዬን በማንኪያ እየሰፈርሽ ነው የምትሰጪኝ?» ብሎ ጮኸ።

«አዎ! እሰፍራለሁ! ዓይንህ ሲጠፋ ማን ሊመራህ ነው? የኬክ ቤቷ አስተናጋጅ?»

በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ፣ በግማሽ የተከተፈውን ካሮት እያየሁ አለቀስሁ። ተናድጄ ሳይሆን ፈርቼ ነው። አባቱ እጃቸው ተይዞ ሲሄዱ በፎቶግራፍ አይቻቸዋለሁ፤ እጁን የምይዘው እኔ ሆኜ ታየኝ። ሲመለስ ቆስጣ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ ነበር። ይቅርታ አላለም፤ አጥቦ መክተፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ ያዘ። በየጠዋቱ መለኪያዋን ከፍተን አብረን ስናይ፣ የልጅ የፈተና ውጤት የምንጠብቅ ነበር የምንመስለው። ገንዳ ሙሉ ጎመን ቢያበሉኝ ግድ የለኝም፣ ብቻ ይውረድ እል ነበር።

ልክ በዚህ መሐል ነው እናቱ ለጥምቀት እመጣለሁ ብለው የደወሉት።

ደስ አለን፤ ደነገጥንም። «እሳቸው እስኪሄዱ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጎመኑን በአንተ በኩል አበዛዋለሁ፤ አንተም እጅህን ሰብስብ» ብዬ አስጠነቀቅሁት። እሺ አለ። አማቴ ቅቤ በቅል፣ ማር በጀሪካን፣ በሶ በከረጢት አሸክመው ደረሱ። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት፤ ትከሻውን ዳበሱት፤ ጎኑን ነካ ነካ አደረጉት።

«ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ መነመንህ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማ።»

ቀና ብለው አዩኝ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። እኔ እጅ ላስታጥባቸው ማስታጠቢያ ሳቀርብ፣ ባለቤቴ ሽርጡን እንዳገለደመ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። እንዴት ያለ የማይረባ ነገር ነው ልማድ! በአንድ እጁ የእሱን ሳህን፣ በሌላው የእኔን ይዞ፣ ቁጭ ቁጭ አደረጋቸው። ሳህኖቹን አስቀምጦ ቀና ሲል ነው የእናቱን ፊት ያየው። እሳቸው ሽርጡን አዩ። ሁለቱን ሳህኖች አዩ። ያጠቡትን እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁና «እኔስ ጠግቤያለሁ» አሉ።

«እማማ ምነው? ከመንገድ መጥተው?» አልሁ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምኑ?»

«የተለያያችሁት።»

ባለቤቴን አየሁት። ንገራቸው! ዓይኔ እንደዚያ እየጮኸ ነበር። እሱ ጎመኑን ያገላብጣል። «አልተለያየንም እማ፣ እንዲሁ ለአመጋገብ እንዲመች...» ብሎ ጀምሮ ተወው። አማቴ ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልጠየቁም። ታቦታቱ ወደ ቀሐ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ አጅበው ሄዱ፤ አድረው አስቀድሰው መጡ፤ እኔን ግን እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር አላነጋገሩኝም። በገዛ ቤቴ ባልዋን ጎመን እያበላች ያከሳች፣ ጓዳ ያስገባች ሴት ሆኜ ሰነበትሁ። ያለ ጥፋት መታማት እንዴት ያንገበግባል! ባለቤቴን ወጥ ቤት ውስጥ ጥግ አስይዤ «ወይ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ መሐላዬን ይዤ ገደል እገባለሁ» አልሁት። «በዓሉ ይለፍ» አለኝ። «በደስታዋ እንዳለች ትመለስ።» የትኛው ደስታ!

በዓሉ ባለፈ ማግሥት አማቴ አንድ ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። በባለቤቴ ወገን ዘመድ ናቸው፤ ቀሐ አካባቢ ይኖራሉ፤ የተጣላ በማስታረቅ የታወቁ ናቸው። ተቀበልናቸው፤ ተቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ያኔ ገባኝ። ሳንጣላ ሊያስታርቁን ነው የመጡት።

«እርቅ ደም ያደርቅ ብለዋል አበው» ብለው ጀመሩ። «እስቲ ልጄ፣ አንቺ ተናገሪ። ምን በደለሽ?»

«ምንም አልበደለኝም አያ።»

«አንተስ?»

«ምንም አያ። በሥላሴ፣ አልተጣላንም።»

«ምንም የሌለበት ቤት ሳህን አይለይም» አሉ ሽማግሌው፣ ረጋ ብለው።

አማቴ ከዚያ በላይ አልቻሉም። «አይዩትም እንዴ አያ? የመምህር ልጅ እኮ ነው! ሽርጥ አስታጥቃ ሽንኩርት ታስከትፈዋለች። ቅቤ ሞልቶ ተርፎ፣ ደረቅ ጎመን ሰፍራ ትሰጠዋለች። ለጠላትስ እንዲህ ይሰፈራል?» ምላሴን ነከስሁ። እውነቴን ነው፣ በጥርሴ ያዝሁት። ባለቤቴ እኔን ያየኛል፣ እሳቸውን ያያል። በዚያች ሰዓት ከሐኪሙም፣ ከአማቴም፣ ከሽማግሌውም ይልቅ በእሱ ነበር የተናደድሁት።

ሽማግሌው ፈረዱ። «በደል ከሌለ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ እርቁ ቀላል ነው። አሁን በፊታችን ከአንድ ገበታ ብሉ። እናትም ያጉርሱ፣ እናንተም ተጎራረሱ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

አማቴ ቀድመው ተዘጋጅተው ኖሯል። ጓዳ ገቡና በሶውን በቅቤና በማር ለውሰው፣ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡ። ማሩ በዳር በዳሩ ይወርዳል። በሦስት ጣታቸው አይደለም የጠቀለሉት፣ በመዳፋቸው ነው። ያን የሚያህል ጉርሻ ይዘው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ብላልኝ!»

የእናትን ጉርሻ፣ ያውም ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ያውም የእርቅ፣ እንቢ ይባላል? ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ከፈተ እኮ! አንድ ጉርሻ አያሳውርም፤ እሱን አላጣሁትም። ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባልና ሁለተኛው ይከተላል፤ ነገ ቁርስ ላይ ይደገማል፤ ለፋሲካ ይደገማል፤ እሱም ለእናቱ ሲል እየዋጠ፣ ለእኔ ሲል እየደበቀ፣ አንድ ቀን ይህን ፊቴን ማየት ያቅተዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ። ተነሣሁና የአማቴን እጅ አየር ላይ ያዝሁት።

«ወይ ጉድ!» አሉ ሽማግሌው፣ ምርኩዛቸው ወለሉ ላይ ወድቆ እየጮኸ።

አማቴ አልጮኹም። የያዝሁትን እጃቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። እኔም አላየሁም። ወደ ባለቤቴ ዞሬ፣ «ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?» አልሁት። እንባዬ ይወርዳል፤ እጃቸውን ግን አለቀቅሁም።

«እማ» አለ። «እማ፣ የአባዬ በሽታ ይዞኛል።»

እጃቸውን ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ማሩ በጣቶቼ መሐል ይወርዳል። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ለቀም አድርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉና ወጡ። እንዲቀመጡ እንኳ የለመናቸው የለም።

«ዓይንህስ?» አሉ አማቴ። መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው።

«ጀምሮታል። ግን ስኳሩ ከወረደ ባለበት ሊቆም ይችላል ብለውናል። እየወረደ ነው እማ። በመድኃኒቱና በዚህ በምትጠዪው ጎመን ነው የወረደው። አብረን ነው የምንሠራው፣ እሷ አይደለችም የቀጣችኝ።»

አማቴ ጉርሻውን እንደ ያዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በደረቅ ድምፅ «ነግረውኝ ነበር» አሉ።

«ምን ብለው?» አለ ባለቤቴ።

«ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ነግራኝ ነበር። አባትህ ገና ጭላንጭል እያየ ሳለ። ስኳር ነው፣ ማሩን ይተዉ፣ እንጀራውንም ይቀንሱለት ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ሊቅ ላወጣ ሰው ጎመን እንዴት አድርጌ ላቅርብ? ዓይኑ ደክሞ አፉም ይቸገር? ብዬ አዘንሁ። በድብቅ ማር አቀምሰው ነበር። 'ዛሬስ ጣፈጠኝ' ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ባለቤቴ ማንም አላወቀም ነበር እያለ ስንት ጊዜ እንዳወራው እኔ አውቃለሁ። ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ። አማቴ በሩን እያዩ «ጠላኝ» አሉ፣ ለራሳቸው። ንዴቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። ጉርሻውን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ ውኃ አምጥቼ እጃቸውን አስታጠብሁ። በወጥ ቤት በኩል የድስት ክዳን ሲነሣ ይሰማል፤ ከዚያ ቢላዋ።

«እማ!» አለ ከውስጥ። «ነይ እስቲ፣ ምስሩን ቅመሺልኝ።»

ተነሡ። ከኋላቸው ተከትያቸው ገባሁ። ያን ጠባብ ወጥ ቤት ለሦስት ቆምንበት። ባለቤቴ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት የሠራውን ምስር በማንኪያ ጨልፎ፣ እፍ እፍ ብሎ አቀዝቅዞ ሰጣቸው። እንደ ኮሶ ሊውጡት ፊታቸውን አጨፍግገው አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ቆም አሉ። እንደገና ጨልፈው ቀመሱ።

«ይጣፍጣል» አሉ። ተቆጥተው ነበር። «ይጣፍጣል እኮ!»

«ሸጋ ነው አይደል?» አለ ባለቤቴ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

አማቴ ማንኪያውን ይዘው፣ ድስቱን እያዩ፣ «አባትህን ይኸን ባበላው ኖሮ» አሉ፣ «ዓይኑ ሳይጠፋ፣ ፊቴን እያየ ይሞት ነበር?»

ባለቤቴ ድስቱ ላይ ውኃ ጠብ አደረገ። እሳቸውም ማንኪያውን ወደ ድስቱ መልሰው፣ እንዳያርብን ማማሰል ጀመሩ።